ፀሐይ በደጃችን፣ ናፍጣ ከባሕር ማዶ

በበጋ ወራት በዝዋይ ሐይቅ ዳር ያለፈ ሰው የውኃ መሳቢያ ሞተር ጩኸት ሳይሰማ አያልፍም። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ገበሬ ሞተሩን የሚያስነሳው በናፍጣ ወይም በቤንዚን ነው። ነዳጅ የጠፋ ዕለት ጀሪካኑን ይዞ ከማደያ ማደያ ይንከራተታል። ካጣ ደግሞ ከጥቁር ገበያ በውድ ይገዛል፤ ምን ያድርግ? አበባ የያዘ ቲማቲም “ነዳጅ እስኪመጣ ጠብቅ” ቢሉት አይሰማም። ይህ ሁሉ መከራ የሚታየው አናት በሚበሳ ፀሐይ ሥር ነው። “የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው” ማለት ይኼ ነው።

ስለ ፀሐይ ኃይል ሲነሳ “እኛ ግድብ አለን፤ ሶላር ምን ያደርግልናል?” የሚሉ አይጠፉም። እውነት አላቸው፤ ከዋናው መስመር የምናገኘው መብራት በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም 5 ሺሕ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ነገር ግን ግድብ ኃይል ያመነጫል እንጂ ገጠር ለገጠር ምሰሶ አይተክልም። መስመር ያልደረሰበት መንደር ዛሬም ለኩራዝ ላምባ፣ ለወፍጮና ለመስኖ ናፍጣ ያቃጥላል። ያ ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል በቦቴ ተጭኖ የሚመጣ ነው። ሶላር ነዳጅን መተካት ያለበት መጀመሪያ እዚህ ነው።

መስኖ ደግሞ ለፀሐይ የተመቸ ሥራ ነው። ለሌሊት መብራት ባትሪ ያስፈልጋል፤ ባትሪ ውድ ነው፣ ቶሎም ያረጃል። ለመስኖ ግን የግድ አይደለም። ፀሐይ ስትበረታ ሰብሉ ይጠማል፤ ፓምፑም የሚበረታው ያኔ ነው። የተረፈውን ውኃ ከፍ ባለ ቦታ በሮቶ ማጠራቀም ይቻላል።

ታዲያ ገበሬው ለምን አይቀይርም? ስላልገባው አይደለም። የነዳጅ ሞተር ሲገዙት ይረክሳል፤ ጉዱ የሚመጣው በየቀኑ ከሚጠጣው ነው። ሶላር ወጪውን በአንድ ጊዜ አምጡ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ፀሐይ ሒሳብ አትጠይቅም። ጥራት ያለው ፓኔል 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል። በዓለም ገበያ የፓኔል ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ በ90 በመቶ ገደማ ወርዷል። ቢሆንም ፓምፑ፣ ተከላውና ትራንስፖርቱ ሲደመር አነስተኛ ማሳ ላለው ሰው አይቀመስም። ስለዚህ ቁልፉ ብድር ነው። የገጠር ብድር ተቋማትና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለፓምፕ ቢያበድሩ፣ ገበሬው ለነዳጅ ያወጣው የነበረውን ገንዘብ ምርት ሲሸጥ ለዕዳው መክፈያ ያውለዋል።

ሁለት ነገር ግን እንዳይዘነጋ። አንደኛው ጥገና ነው። የነዳጅ ሞተር የሚጠግን መካኒክ በየከተማው ይገኛል፤ ሶላር የሚጠግን ግን ፈልጎ ማግኘት ያዳግታል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ይህን ሥራ ሊይዙት ይገባል። ሻጩም ዋስትና ሳይሰጥ ዕቃ እንዳይሸጥ መቆጣጠር ያስፈልጋል። አለበለዚያ ፓኔሉ የዶሮ ቤት ጣሪያ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ውኃው ራሱ ነው። ናፍጣ ውድ በመሆኑ ገበሬው ውኃ የሚስበው ቆጥቦ ነው። ፀሐይ ነፃ ስትሆን ግን ፓምፑን ማን ያቆመዋል? የሐረማያ ሐይቅ በአንድ ወቅት ደርቆ የከብት መዋያ የሆነበት አንዱ ምክንያት ለመስኖና ለከተማ ያለ ልክ የተሳበው ውኃ ነበር። ስለዚህ ፓምፕ የሚያከፋፍል ሁሉ የውኃ ልክም አብሮ ይወስን።

“የ13 ወር ፀጋ” እያልን ፀሐያችንን ለቱሪስት ስናስተዋውቅ ዘመናት አልፈዋል። አሁን ደግሞ ለሽንኩርት ማሳው ትድረስለት። ጀሪካን ይዞ ማደያ በር ላይ ያደረው ገበሬ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው።