ቆራሌው ከመምጣቱ በፊት

በከተማችን የሟች ዕቃ ብዙውን ጊዜ የሚከፋፈለው አርባው ከወጣ በኋላ ነው። ልብሱ ለዘመድና ለነዳያን ይሰጣል። ስለ ወርቁና ስለ ቤቱ ካርታ ሽማግሌ ይቀመጣል። ወረቀቱ ግን ጠያቂ የለውም፤ ወይ ለቆራሌው ነው ወይ ለእሳት። እኔ ዛሬ የምሟገተው ለዚህ ወረቀት ነው።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባለው የእናቴ ቤት፣ ከአልጋዋ ሥር ከነበረው ሳጥን በነጠላ ጥለት ቁራጭ የታሰሩ ደብዳቤዎች ወጡ። አብዛኞቹ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ወደ ኦጋዴን የዘመተው አጎቴ የላካቸው ናቸው። እናቴ ያን ጊዜ ማንበብ አትችልም ነበር። የጎረቤት ተማሪ ጮክ ብሎ ያነብላታል፤ ስለዚህ አጎቴ ይጽፍ የነበረው ረከቦቱን ከቦ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ነው። ግማሹ ገጽ ሰላምታ ነው፤ ጎረቤቱ፣ የክርስትና ልጁ፣ የማኅበሩ ሰው በየስሙ ይጠየቃል። ስለ ውጊያው የጻፈው ጥቂት ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ሀብት ያ ሰላምታ ነው፤ የ1970 ዓ.ም. ሰፈራችን ማን ማን ይኖርበት እንደነበር የሚነግረን ሌላ ጽሑፍ በእጃችን የለም።

ከ1969 ዓ.ም. በፊት የተጻፈ አንድም ደብዳቤ አላገኘንም። ምክንያቱን የነገረችን አክስቴ ናት። በዚያ ዓመት መጋቢት አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ ወረቀት ሰው ያስገድል ነበር። አባቴ ተማሪ ወንድሙ የጻፈለትን ሁሉ፣ ሴቶች ከእንጦጦ ተሸክመው ባወረዱት የባሕር ዛፍ ቅጠል አቀጣጥሎ አነደደው። አክስቴ በሕይወት ባትኖር የሳጥኑን ጉድለት ማን ያስረዳን ነበር? ወረቀት መለየት ያለበት አዛውንቶቹ ሳሉ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ከሁሉም ያስለቀሰኝ ከደብተር የተገነጠለ አንድ ቅጠል ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ፣ እናቴ በራሷ እጅ ለወንድሟ ልትጽፍ ጀምራ ሳትጨርሰው የቀረ። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፣ መስመር ይስታሉ። አባቴ ከሥራ መውጣቱን፣ ለልጆቿ ሽሮ እንኳ እንደቸገራት ጽፋለች። ይህን ለጎረቤት ልጅ እንዴት ብላ ታስጽፈው? የዘመቻው ሪፖርቶች ማንበብ የቻለውን ሕዝብ በሚሊዮን ይቆጥራሉ፤ ፊደል መቁጠር ለአንዲት እናት ምን እንደሰጣት ግን እኔ ያወቅሁት ከዚህ ቅጠል ነው። ምስጢሯን ያለ ሦስተኛ ሰው መናገር ቻለች።

ከሰፈራችን በላይ እንጦጦ ላይ ከትመው የነበሩት የአጤ ምኒልክ ደብዳቤዎች ተሰብስበው ታትመዋል፤ ደግ ተደረገ። ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ አሉልን። ወደ እነሱ የሚሄደው ግን በአብዛኛው የመኳንንትና የመሥሪያ ቤት ወረቀት ነው። በዚህ ላይ ከተማው እየፈረሰ እየተሠራ ነው። ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡ ወዳጆቼ በጥድፊያው መጀመሪያ የተጣለው ወረቀት እንደነበር ይነግሩኛል። ተቋማቱ የተራ ቤተሰብ ደብዳቤ እንደሚቀበሉ በሬዲዮና በየዕድሩ ቢያስነግሩ፣ ብዙ ሳጥን ከእሳት ይተርፋል።

እህቴ በዚህ አልተስማማችም። «እማዬ ለጎረቤት ልጅ ያላስነበበችውን ለተመራማሪ ልታስነብብ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። የአጎቴን ደብዳቤዎች ቅጂ አስቀርተን ዋናዎቹን ለተቋሙ ልንሰጥ፣ የእናታችን ቅጠል ግን ከቤት እንዳይወጣ ተስማምተናል።