ጫጩቶቹ ለምን መቆም አቃታቸው?

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱ የመጣው ከወላይታ፥ ከኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ፥ ከሃላሌ ከተማ ነው። ጸሐፊው ሥራ ከያዘ ሁለት ዓመት ያልሞላው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከቀለብ አልፎ ለታናሽ እኅቱ ትምህርት አልደርስ ቢለው፥ ዕቁብ በወጣለት ጊዜ አርባ የሳሶ ጫጩቶች ገዝቶ በተከራየው ክፍል ጥግ ማሳደግ ጀመረ።

«ዛሬ አሥራ ስምንት ቀናቸው ነው» ይላል ደብዳቤው። «ሁለቱ ሞቱ። ዘጠኙ ደግሞ መቆም አቅቷቸው በቁርጭምጭሚታቸው ይድሃሉ። ይበላሉ፥ ይጠጣሉ፥ ዓይናቸውም ንቁ ነው፤ ነገር ግን የእግራቸው ጣቶች ወደ ውስጥ ታጥፈዋል። የምሰጣቸው የበቆሎ ዱቄትና አንዳንድ ጊዜ የቆጮ ፍርፋሪ ነው። አከራዬ እማማ ‹ምች መቷቸዋል፥ ፀሐይ እንዳታሳያቸው› ስላሉኝ መስኮቱን በጆንያ ጋርጄዋለሁ። ላስወግዳቸው ወይስ ልጠብቅ?»

ወንድሜ ሆይ፥ ለማስወገድ አትቸኩል። ጫጩቶቹ እየበሉና ዓይናቸው ንቁ ሆኖ ሳለ ጣቶቻቸው እንደ ጡጫ ከታጠፉ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ቪታሚን ቢ 2፥ በሌላ ስሙ ሪቦፍላቪን፥ የጎደላቸው መሆኑ ነው። ይህ ቪታሚን ሲያንስ ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ ነርቭ ያብጣል፤ ጡንቻውም ትእዛዝ አይደርሰውም። ሕመሙ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ስለሆነ፥ የአንተዎቹ ዕድሜም ከዚሁ ይገጥማል። በማደግ ላይ ያለ ጫጩት በአንድ ኪሎ መኖ ውስጥ ከ3 ሚሊ ግራም በላይ ሪቦፍላቪን ያስፈልገዋል፤ በአንድ ኪሎ በቆሎ ውስጥ ያለው ግን ከ1 ሚሊ ግራም ብዙም አይበልጥም። ቆጮም ሆድ ይሞላል እንጂ ይህን ጉድለት አይሞላም።

«የእናቴ ዶሮዎች ከበቆሎ በቀር የሚሰፈርላቸው የለም፤ እነሱ ለምን አይታመሙም?» ትል ይሆናል። የእናትህ ዶሮ ጫጩቶቿን አስከትላ በጓሮው እንሰት ሥር ስትጭር ትውላለች፤ ትሉን፥ ምስጡን፥ ለጋውን ሣር ታበላቸዋለች፥ ፀሐዩም በነፃ ነው። አንተ ግን ፈጥኖ እንዲያድግ የተዳቀለ ጫጩት በአራት ግድግዳ ውስጥ ዘግተህበታል። የማይጭር ጫጩት ከባለቤቱ እጅ የሚያገኘው ብቻ ነው ያለው።

ስለ ዶሮ እግር ስናነሣ ሳይጠቀስ የማይታለፍ አንድ ታሪክ አለ። ክርስቲያን አይክማን የተባለ የሆላንድ ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጃቫ ደሴት ሲሠራ፥ ለምርምር ያስቀመጣቸው ዶሮዎች እግራቸው ሰንፎ መውደቅ ጀመሩ። ለካስ ከወታደር ሆስፒታል ወጥ ቤት የተረፈ የተፈተገ ነጭ ሩዝ ይበሉ ኖሯል። በኋላ አዲስ ወጥ ቤት ተሾመና «የወታደር ሩዝ ለሲቪል ዶሮ አይሰጥም» ብሎ ከለከለ። ዶሮዎቹ ወደ ርካሹ፥ ገለፈቱ ወዳልተገፈፈው ሩዝ ተመለሱ፤ ተነሥተውም ሄዱ። በቢሮ ሥርዓት የምንማረር ሁላችን ለዚያ ወጥ ቤት ግትርነት ባርኔጣችንን ማንሣት አለብን። በዚያ ጊዜ የጎደለው ቢ 1 ነበር፤ አይክማንም በ1929 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ።

ወደ ዘጠኙ እንመለስ። ዛሬውኑ ለይተህ ገለባ በተነጠፈበት ሣጥን አስቀምጣቸው፤ ምግብና ውሃቸውም አንገታቸውን ሳይዘረጉ የሚደርሱበት ዝቅ ያለ ይሁን። ከሕመሙ ይልቅ ጥማትና የጓደኞቻቸው እግር ፈጥኖ ይገድላቸዋልና። ቢ 2 ያለበትን በውሃ የሚሟሟ የቪታሚን ዱቄት ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ግዛ፤ በሃላሌ ባይገኝ ወደ ሶዶ የሚሄድ ሰው ላክ። በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጠህ ለአርባዎቹም፥ ማለት ለተረፉት ሁሉ፥ አጠጣ፤ የቆሙትም የሚበሉት ያንኑ ስለሆነ ጉድለቱ በእነሱም ዘንድ አለ። ብርሃን ሪቦፍላቪንን ስለሚያጠፋው ውሃውን ፀሐይ ላይ አታስቀምጥ፥ በየጠዋቱም አድስ።

መድኃኒቱ እስኪመጣ ድረስ ቅቤ በሚወደድበት በወላይታ አሬራና አጓት አይጠፋም። አጓትን አረንጓዴ መሳይ ቢጫ የሚያደርገው ይኸው ሪቦፍላቪን ነው። ሆዳቸው እንዳይላላ በጥቂቱ መኖው ላይ አርከፍክፍላቸው። ጎመን ወይም የሽፈራው ቅጠል አድቅቀህ ጨምርበት። ከዚህ በኋላ ግን በቆሎ ብቻውን አይሁን፤ የተዘጋጀ የጫጩት መኖ መግዛት ግድ ነው። የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ርካሽ ሆኖ ብታገኘው እንኳ አትግዛ፤ የበዛው ካልሲየም የጫጩት ኩላሊት ይጎዳል።

አከራይህን እማማን ሳታስቀይም ጆንያውን ከመስኮቱ አንሣ። ምች ለሰው የሚባለው ይባል፤ በበቆሎ ብቻ የሚያድግ ጫጩት ግን ያለ ፀሐይ ቪታሚን ዲ አያገኝም፥ ያለዚያም አጥንቱ እንደ ጎማ ይለመጣል። በመስተዋት ውስጥ የሚገባ ብርሃን ለዚህ አይረዳም። ነፋስ በሌለበት ጠዋት፥ ጥላም በአጠገባቸው ሳለ፥ ግማሽ ሰዓት ያህል አውጣቸው።

እግር የሚያሰንፍ ሁሉ ግን ቢ 2 አይደለም። በተፈለፈለ በጥቂት ቀን ውስጥ እግሮቹ ወደ ግራና ቀኝ የተከፈቱበት ጫጩት ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የወለሉ ነው፤ ጋዜጣ ስለሚያንሸራትት ሰጋቱራ ወይም ገለባ አንጥፉ፥ እግሮቹንም በለስላሳ ጨርቅ ለጥቂት ቀን በልኩ አቀራርባችሁ እሰሩ። አንዱ ቁርጭምጭሚት አብጦ እግሩ ወደ ጎን ከተጠመዘዘ ጅማቱ ከቦታው ወጥቷል ማለት ነው፤ የማንጋኒዝ እጥረት አንዱ ምክንያት ነው። ያ አይመለስም፤ ፉርሽካ በመኖው ውስጥ መግባቱ ግን ሌሎቹን ይጠብቃል። ለደም ተቅማጥ አምፕሮሊየም ከታዘዘው ቀን በላይ የተሰጠው ጫጩት ደግሞ ቢ 1 ስለሚጎድለው አንገቱን ወደ ኋላ ቆልምሞ ሰማይ ሰማይ ያያል። እያቃሰቱ፥ አረንጓዴ እያስቀመጡ፥ አንገታቸው እየተጠመዘዘ በብዛት ቢሞቱ ግን ፈንግል ነው ብላችሁ ጠርጥሩና ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጡ። ለፈንግል ቪታሚን መድኃኒቱ አይደለም፤ የሚያድነው አስቀድሞ የተሰጠ ክትባት ነው።

ሃላሌ ላለው ወንድማችን አንድ ነገር ሳንደብቅ እንንገረው። ጣታቸው ከታጠፈ ሁለት ሦስት ቀን የሆናቸው በጥቂት ቀን ውስጥ ሊቆሙ ይችላሉ። ቀደም ብለው የታመሙት ግን ነርቫቸው ተጎድቶ ከሆነ ቪታሚኑ ቢሰጣቸውም አይቃኑም። አንድ ሳምንት ጠብቅ፤ ከዚያ በኋላ መኖው ድረስ መሄድ ያልቻለውን በረሃብ ከማሠቃየት ፈጥኖ መገላገል ይሻላል። የእኅትህን የትምህርት ወጪ የሚሸፍኑት ዘጠኙ ሳይሆኑ ዛሬ የቆሙት ሃያ ዘጠኙ ናቸውና፥ ገንዘብህ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ መጀመሪያ የእነሱን መኖ ለውጥ። ከዘጠኙ ስንቱ እንደ ተነሣ በሚመጣው ደብዳቤህ ጻፍልን።