ጤናችን፦ ጆሮ በድንገት ሲጮህ

አንድ ገበሬ ማታ ደህና ተኛ። ጠዋት ሲነሣ ግራ ጆሮው «ጭውውው» አለበት። ውሃ የገባበት መሰለው። ራሱን ዘንበል አድርጎ መታ መታ አደረገው። ምንም አልወጣም። ጎረቤቱ ይህን ሲሰማ ሣቀ። «ወንድም ዓለም፣ ሰው እያማህ ነው! ሐሜተኛው ሲደክመው ይተውሃል» አለው።

ገበሬው እሺ ብሎ ተወው። አንድ ሳምንት አለፈ። ወሩም አለቀ። ጤና ጣቢያ ሲደርስ ግራ ጆሮው ጨርሶ አይሰማም ነበር። ነርሷም አየችውና፣ «ምነው ቀደም ብለው በመጡ ኖሮ!» አለችው።

እንዲህ የሚሆን ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ጆሮ መጮህ እንነጋገር።

ጆሮ ለጥቂት ሴኮንድ ጭው ብሎ ቢተው አያሳስብም። በማንም ሰው ላይ ይደርሳል። አልተው ሲል ግን ምክንያት አለው ማለት ነው።

በጆሯችን ውስጥ፣ ከራስ ቅላችን አጥንት መካከል፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የመሰለ ትንሽ ነገር አለ። በእሱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ 15 ሺህ ያህል ሕዋሳት አሉ። ጫፋቸው ጠጉር ይመስላል። ድምፅ ሲመጣ፣ ነፋስ እንደ ነካው የጤፍ ማሳ ይወዛወዛሉ። ድምፁንም ወደ አንጎል ይልካሉ። እነሱ ሲጎዱ አንጎል የቀረበትን ድምፅ ይፈልጋል። ሲያጣም ራሱ ጩኸት ይፈጥራል ይላሉ ሐኪሞች። ጤፍ ቢበላሽ ለከርሞ ይዘራል። እነዚህ ሕዋሳት ግን አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም።

ደግነቱ ምክንያቱ ሁልጊዜ ከባድ አይደለም። ብዙ ጊዜ የጆሮ ኩክ ነው። ኩክ አቧራ የሚይዝልን የጆሮ ዘበኛ ነው፤ ቆሻሻ አይደለም። እኛ ግን በክብሪት እንጨት እንጎረጉረዋለን። እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር። ጥቂቱ ይወጣል፣ ብዙው ወደ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ከዚያ ጆሮ ይደፈናል፣ ይጮሃል። ይህን ጤና ጣቢያ አለስልሰው ያወጡታል። የጤና አዳም ጭማቂ ወይም የጋለ ዘይት አትጨምሩበት። ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል።

ጥፊም ታምቡር ይቀዳል። ልጁን በጥፊ የሚመታ አባት ይህን ይወቅ። መግል የሚያወጣ ጆሮም ይጮሃል፤ እሱም መታከም አለበት።

መድኃኒትም ጆሮ ያስጮሃል። አስፕሪን ከልክ በላይ ሲወሰድ እንዲሁ ነው። ቀድሞ ለወባ ይሰጥ የነበረው ኪኒንም በዚህ የታወቀ ነው። ስትሬፕቶማይሲንና ጄንታማይሲን የሚባሉት መርፌዎች ደግሞ የውስጥ ጆሮን ሊጎዱ ይችላሉ። መርፌ ላይ እያላችሁ ጆሯችሁ ከጮኸ፣ የሚቀጥለውን ሳትወጉ ለሐኪሙ ንገሩ። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።

ጩኸቱ ከልብ ምት ጋር እኩል «ዱም ዱም» የሚል ከሆነ የደም ግፊታችሁን ተለኩ። ደም ማነስም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል።

አሁን ወደ ገበሬው እንመለስ። የእሱ ኩክ አልነበረም። የውስጥ ጆሮው በድንገት ደንቁሮ ነበር። ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ አንድ ጆሮ ብቻ ይይዛል። አንዳንዱ ሰው ያለ ሕክምናም ይድናል። ማን እንደሚድን ግን አስቀድሞ አይታወቅም። መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ይሻላል። ከ2 ሳምንት በኋላ ተስፋው እየቀነሰ ይሄዳል።

ኩክ ይሁን ወይስ ይህ በሽታ፣ በቤታችሁ ትንሽ ፍንጭ የሚሰጥ ዘዴ አለ። አፋችሁን ግጠሙና «እምምም» በሉ። ድምፁ ወደ ደነቆረው ጆሮ ካደላ፣ የድምፁ መንገድ ተደፍኖ ይሆናል። ወደ ደህናው ጆሮ ካደላ ግን የውስጡ ተጎድቶ ይሆናል። ጆሯችሁ ጤነኛ ከሆነም፣ አንዱን በጣት ደፍናችሁ ሞክሩት። ድምፁ ወዴት ሄደ? ይህ ግን ፍንጭ ብቻ ነው፤ ሐኪሙን አይተካም። ጆሮ በድንገት ደንቁሮ ከጮኸ በዚያው ቀን ሂዱ። ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ራስ ከተመታ ወይም ምድር ከዞረ ደግሞ አንድ ሰዓትም አትቆዩ። ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ከጻፈላችሁ፣ ገበያው ይለፍ ብላችሁ አታቆዩት።

የቀረን የጩኸት ነገር ነው። በሠርግ ላይ ከጆሮ አጠገብ የተተኮሰ ጥይት፣ አንዱ ብቻ፣ ጆሮን ለዘላለም ሊጎዳ ይችላል። ወፍጮ ደግሞ ቀስ በቀስ ይጎዳል። ክንድ ያህል ርቆ ለቆመ ሰው ለመናገር መጮህ ካስፈለጋችሁ፣ ያ ድምፅ ለጆሮ በዝቷል። እህል አስፈጪው ውጭ ሆኖ መጠበቅ ይችላል። ወፍጮ ሠራተኛው ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ነው። ጥጥ መወተፍ እምብዛም አይከላከልለትም። የሚያስፈልገው ለሥራው የተሠራ የጆሮ መሸፈኛ ነው። ወፍጮው የማኅበር ከሆነ፣ መሸፈኛውን መግዛት ያለበት ማኅበሩ ነው።