«ስንት አመጣህ?»

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከማኅበራችን አባሎች አራት ሆነን ሲኒማ ራስ ወርደን ነበር። ሲኒማ ራስ ስንል ቤቱን ብቻ ሳይሆን በስሙ የሚጠራውን ሰፈር ሁሉ ማለታችን ነው፤ ተሸካሚው «ዞር በሉ!» እያለ የሚያልፍበትን፥ ደላላው የሚጣራበትን፥ ጣቃ ጨርቅ በራፍ ላይ የሚዘረጋበትን መንገድ ማለታችን ነው። የወረድነውም ለ10ኛ ክፍል ልጆች ሒሳብ ልናስጠና ነው። ከአንድ ሻይ ቤት ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል ባለቤትዮዋ ለሁለት ሰዓት ፈቅደውልን ነበር። ጥናቱ ሊያልቅ ሲል፥ እስከዚያ ድረስ ባንድ ጥግ ዝም ብሎ የቆየ የ16 ዓመት ልጅ እጁን አወጣና «እናንተ ዩኒቨርሲቲ ገብታችኋል፤ እኔ በሚቀጥለው ዓመት ናቹራል ልግባ ወይስ ሶሻል?» ብሎ ጠየቀን። ከመካከላችን አንዱ ጊዜም ሳይወስድ «ስንት አመጣህ?» አለው። ልጁም «ይህንንማ ሁሉም ጠይቀውኛል» ብሎ ደብተሩን አጥፎ ወጣ።

ይህን የምንጽፈው ስላፈርን ነው። ማፈራችን ግን ለብቻችን መሆን ያለበት አይመስለንም። ይህን ወረቀት የምታነቡ ወንድሞችና እኅቶች፥ እንዲሁም መምህሮቻችን፥ አንድ ልጅ የሕይወቱን መንገድ ሲጠይቃችሁ ከ«ስንት አመጣህ?» ሌላ ምን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ጥያቄው ምንም ክፋት የሌለው ይመስላል። ውስጡ ግን አንድ ትልቅ ውሸት ተሸሽጓል፤ ይኸውም «ናቹራል ለጎበዝ፥ ሶሻል ለሰነፍ» የሚለው ነው። ይህን ቃል ማን እንደ ደነገገው አይታወቅም፤ በየትኛውም አዋጅ ላይ አልተጻፈም። ነገር ግን አባት ለልጁ ይነግረዋል፥ መምህር በክፍል ውስጥ ይደግመዋል፥ ልጅም ለልጅ ያወርሰዋል። ከዚህም የተነሣ ታሪክ ማንበብ የሚወድ ልጅ «ሰነፍ እንዳይሉኝ» ብሎ ፊዚክስ ይገባል፤ የተሰበረ ሬዲዮ ፈታትቶ የሚገጥም ልጅ ደግሞ ባንድ ሴሚስተር ውጤቱ ዝቅ ስላለ ብቻ ወደ ሌላው በር ይገፋል። ያ ሁለተኛው በር አንዴ ከተዘጋ ደግሞ በቀላሉ አይከፈትም። በ11ኛ ክፍል ሶሻል የገባ ልጅ ሕክምና ወይም ምሕንድስና ልማር ቢል የሚሰማው የለም። በ16 ዓመት የሚደረግ ምርጫ ይህን ያህል ከባድ ሆኖ ሳለ፥ ልጁ አንዲት ሸሚዝ ሲገዛ የሚያገኘውን ያህል ምክር እንኳ አያገኝም። መርካቶ ውስጥ ሸሚዝ የሚገዛ ሰው ቢያንስ ሦስት ሱቅ ዞሮ ጨርቁን በጣቱ አሽቶ ነው።

ወደ ውሸቱ እንመለስ። ጂኦግራፊ የሰነፍ ትምህርት ነው? ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ሙያቸው ጂኦግራፊ ነበር። የኢትዮጵያ ገበሬ ለምን ለረሃብ እንደሚጋለጥ ዓመት በዓመት፥ አውራጃ ባውራጃ መርምረው የጻፉት መጽሐፍ በ1984 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ያን የመሰለ ሥራ ሒሳብ ስለማይችሉ የመረጡት ነው የሚል ሰው ካለ ይምጣና ይንገረን። ባንጻሩ ደግሞ ባዮሎጂ የጎበዝ ትምህርት የሆነው ነጭ ካፖርት ስለሚያስለብስ ነው? ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያዩት ነገር ማንም መንገደኛ ሊያየው የሚችለው ነበር፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተገኙ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በአገር ተክል ለመግደል የተደረገው ምርምር የተነሣው ከዚያ ነው። ያ ሥራ የካርድ ውጤት ብቻ አይደለም፤ የማየት ፍላጎት ነው። ያን ፍላጎት ደግሞ ከሲኒማ ራስ ልጆች ማን ማን እንዳለው የሚያውቅ የለም፤ ማንም ጠይቋቸው አያውቅምና።

አንዳንዶች «ይህ የግለሰብ ጉዳይ ነው፥ አገር የሚያስፈልጋትን አገር ትወስን» ይሉናል። አገርማ ወስና አይተናል! በ1964 ዓ.ም. ተጠንቶ ያለቀው የትምህርት ሴክተር ሪቪው ለብዙኃኑ ልጅ የ4 ዓመት መሠረታዊ ትምህርት፥ ከዚያ በላይ ላለው ደረጃ ደግሞ ጠባብ በር ያዘጋጀ ነበር። ጥናቱ በጎ ነገር አልነበረውም አንልም፤ ገጠሩን አስቧል፥ የእጅ ሥራን አክብሯል። ዳሩ ግን ድኻው ወላጅ ሲሰማው የገባው አንድ ነገር ነው፤ «የኔ ልጅ እርሻ፥ የነሱ ልጅ ዩኒቨርሲቲ»። መምህራኑ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ ባቆሙ ጊዜ ካነሡት ነገር አንዱ ይኸው ነበር፤ መንግሥትም ዕቅዱን ለማዘግየት ተገደደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የማያውቅ አንባቢ የለም።

እንደገና በ2000 ዓ.ም. ገደማ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው መቶ ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፥ 30ው ኅብረተሰብ ሳይንስ ይማር ተባለ። አገር መሐንዲስ ያስፈልጋታል መባሉ ስሕተት አልነበረም። ስሕተቱ መሐንዲስ በኮታ ይሠራል መባሉ ነው። ቤተ ሙከራው ሳይሟላ ወንበሩ ሞላ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በዲግሪ የተመረቀ ወጣት ኮብልስቶን ሲያነጥፍ አየን። ድንጋይ ማንጠፍ ነውር ሆኖ አይደለም፤ የነጠፈው መንገድ ዛሬም ያገለግላል። ነገር ግን ያ ወጣት ድንጋይ ለማንጠፍ ከሆነ ለምን ያን ሁሉ ዓመት ቴርሞዳይናሚክስ ሸመደደ? እሱን የመረጠው ማን ነው? እሱ ራሱ እንዳልሆነ ግን እናውቃለን።

አሁን ደግሞ ኮታው ዝም ሲል ፈተናው ጮኸ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት 30 ሺህ እንኳ አልሞሉም። በ2015 ዓ.ም. ያለፉት 3.2 ከመቶ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ማለቱ ደስ ያሰኛል፤ ግን ከመቶው ከ90 በላይ የሚሆኑት ዛሬም ከበሩ ውጭ ናቸው። እንግዲህ እኛ «ናቹራል ግባ፥ ሶሻል ግባ» ብለን የምንመክረው ምክር ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ለሚገቡት ለጥቂቶቹ ብቻ ነው። ለቀሩትስ? ከመርካቶ ብዙም ሳይርቅ፥ በ1930ዎቹ የተቋቋመው ተግባረ እድ አለ። በየክፍለ ከተማው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አለ። ከኛ መካከል እዚያ ደጅ ረግጦ የሚያውቅ ስንት ነው? ለልጆቹ ስለዚያ የምንነግራቸው «ከወደቅህ እዚያ ትገባለህ» ብለን ነው፤ ስለ እስር ቤት እንደሚነገረው። ከዚያም ልጁ ሲገባ አንገቱን ደፍቶ ቢገባ እንገረማለን።

አሁን ወደ አባቶች። የሲኒማ ራስ አባት የሚናገረውን ንቀን የምናልፍ ከሆነ ምንም አልተማርንም ማለት ነው። ከዚያው ሰፈር አንድ የጨርቅ ነጋዴ ስለ ልጃቸው ጉዳይ ስናነሣባቸው እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፥ ዲግሪ ይዞ ለሥራ የሚንከራተተውን እኔው ነኝ ቀጥሬ የማሠራው። ልጄ ሱቁን ይዞ ቢያድግ ምን ይጎድለዋል?» ይህ የመሃይም ንግግር አይደለም፤ ያየ ሰው ንግግር ነው። የዕቁብ መዝገብ ለዓመታት ያለ አንዲት ስሕተት የያዘ ሰው ከብዙዎቻችን ይልቅ ቁጥር ያውቃል።

ዳሩ ግን አባታችን ሆይ፥ ሱቁ ራሱ ዋስትና አለው? በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራን እሳት ሲበላው የስንት ቤተ ሰብ ዕድሜ ልክ ድካም ባንድ ሌሊት አመድ ሆነ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፥ በኅዳር ወር፥ በደረሰኝ ጉዳይ ብዙ የመርካቶ ሱቆች ተዘግተው ዋሉ። ያን ጊዜ ነጋዴው የፈለገው ማንን ነበር? የታክስ ሕጉን አንብቦ የሚያስረዳውን፥ ሒሳቡን አስተካክሎ የሚይዝለትን፥ በቢሮው ፊት ቆሞ የሚከራከርለትን አልነበረምን? ሕግ፥ ሒሳብ አያያዝ፥ ኢኮኖሚክስ፤ እነዚህ ሁሉ ያ «የሰነፍ» የተባለው በር የሚያስገባባቸው ናቸው። ሶሻልን በልጁ ፊት የሚንቀው ነጋዴ ለሶሻል ምሩቅ በየወሩ ይከፍላል። ስለዚህ «ሱቅ ወይስ ትምህርት?» የሚለው ክርክር ከመሠረቱ የተጣመመ ነው። ልጁ ሱቁን ሊወርስ ይችላል፤ ሱቁን የሚያድንበትን ዕውቀት ግን ከማን ይወርሳል?

ስለ ሴቶቹ ልጆች አንድ ቃል ብቻ። በዚያው ቅዳሜ ከመጡት አንዷ የእናቷን የእንጀራ ምጣድ ገመድ ራሷ እንደምትጠግን በኩራት ነገረችን። ምን ልትሆን እንዳሰበች ብንጠይቃት «ሶሻል ነው የምገባው፤ ኤሌክትሪክ የወንድ ነው ብለውኛል» አለች። ማን እንዳላት አልጠየቅንም፤ ብዙ ሰው እንዳላት ከድምፅዋ ያስታውቅ ነበር።

እስካሁን ሌላውን ወቀስን፤ አሁን ራሳችንን። ይህን ጽሑፍ የምናዘጋጀው አምስት ነን። ከአምስታችን መካከል የሚማረውን ትምህርት ፈልጎና አውቆ የመረጠ ሁለት ብቻ ነው። አንዱን አጎቱ መረጡለት፤ አንዷ ጓደኛዋን ተከትላ ገባች፤ አንዱ ደግሞ ምን እንደሚማር ያወቀው ስሙ ከተለጠፈ በኋላ ነው፤ ሰሌዳው ፊት ቆሞ የትምህርት ክፍሉን ስም ሁለት ጊዜ አነበበ ይላል። ፍሬሽማን ከተመለሰ ወዲህ ነገሩ ተሻሽሏል እንባላለን። ሆኖም በዓመቱ መጨረሻ የትምህርት ክፍሎች ተማሪ ሲጠሩ አይታችኋል? አንዱ መምህር ተነሥቶ «የኛ ምሩቅ ሥራ አያጣም» ይላል፤ ሁለተኛው ተነሥቶ ያንኑ ይደግማል። መምህሮቻችንን እናከብራለን፤ ግን ሁሉም ሥራ አያጣም ከሆነ ያ ሁሉ ሥራ የሚፈልግ ምሩቅ ከየት መጣ? ከመካከላችሁ አንድ እንኳ ተነሥቶ «የኛ ትምህርት ይህ ይህ ይከብዳል፤ ይህን የማይወድ ሰው እዚህ አይምጣ» ቢል ከዚያን ቀን ጀምሮ የምናምነው እሱን ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ ትሉ ይሆናል። እኛ አማካሪ ቢሮ ይከፈት፥ ኮሚቴ ይቋቋም አንልም፤ ኮሚቴ ሲቋቋም አይተናል። የምንለው ያነሰ ነገር ነው። ልጁን «ስንት አመጣህ?» ከማለት በፊት ደብተሮቹን አምጣ እንበለው። የትኛውን የቤት ሥራ ቀድሞ እንደሚሠራ፥ የትኛውን እስከ ሌሊት እንደሚያቆይ ደብተሩ ይናገራል። ማንም ሳያዝዘው የሚሠራው ምን እንደሆነ እንጠይቀው። ሒሳብና እንግሊዝኛ በሁለቱም በር እንደሚጠብቁት እንንገረው፤ ከሒሳብ ሸሽቶ ሶሻል የሚገባ ልጅ ሒሳብን እዚያው ተቀምጦ ያገኘዋልና። ሐኪም እሆናለሁ የሚለውን ስንት ዓመትና ስንት ሌሊት እንደሚፈጅ የሕክምና ተማሪ ይንገረው እንጂ ፊልም አይንገረው። ጠበቃ እሆናለሁ የሚለውን አንድ ቀን ልደታ ፍርድ ቤት ወስደን ችሎት እናስቀምጠው፤ በር ክፍት ነው፥ ክፍያ የለውም። ያቺን የምጣድ ጠጋኝ ደግሞ ኤሌክትሪካል የምትማር እኅታችን ቤተ ሙከራ ድረስ ይዛት ትግባ። ውጤቱስ? ውጤቱ መታየቱ አይቀርም፤ እኛም አይታይ አላልንም። መጨረሻ ላይ ይታይ ነው የምንለው፤ የሚወደውን ነገር ለመድረስ ስንት እንደጎደለው ለማወቅ።

«ፈተና ደርሶብናል፥ ጊዜ የለንም» የሚል መልስ ከወዲሁ ይሰማናል። በዶርም ውስጥ ስለ ኳስ ስንከራከር የሚያልፈውን ሰዓት የቆጠረ ሰው ይህን መልስ አይሰጥም። «እኛው ሳናውቅ ምን እንመክራለን?» የሚለው ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ እናከብረዋለን። አለማወቃችንን ራሱን እንንገራቸው። ስሙን ሰሌዳ ላይ ሁለት ጊዜ ያነበበው ጓደኛችን ያን ታሪኩን ለዚያ ልጅ ቢነግረው ኖሮ ልጁ ደብተሩን አጥፎ አይወጣም ነበር።

የሚመጣው ቅዳሜ በ8 ሰዓት እንደገና እንወርዳለን። ሻይ ቤቷ ያችው ናት፤ ባለቤትዮዋ በዚህ ጊዜ እስከ 11 ሰዓት ፈቅደውልናል። ከሕግ፥ ከነርሲንግ፥ ከኤሌክትሪካል፥ ከታሪክና ከሒሳብ አያያዝ ቢያንስ አንድ አንድ ሰው እንፈልጋለን፤ ከመምህራንም የሚመጣ ቢኖር ወንበር እንለቃለን። ስም የሚመዘገበው እስከ ዓርብ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ነው። ማኅበሩ የመጓጓዣ ገንዘብ የለውም፤ በእግር የሚሄዱ በ7 ሰዓት ከበሩ ላይ ይገናኛሉ።