ወደ ጉድጓድ የሚልክ የተወገዘ ይሁን

የድሬዳዋ መጋላ ሰው የደቻቱን ወንዝ ያውቀዋል። ሐምሌ 1998 ሌሊት ሞልቶ መጥቶ ከ250 በላይ ነፍስ ይዞ ሄዷል። ወንዝ ግን ሲመጣ ይጮኻል። ዛሬ የምናወግዘው ድምፅ የሌለውን ሞት ነው፤ ይልቁንም ሰውን ወደዚያ ሞት የሚያወርደውን እጅ።

ጓሮ ውስጥ የሞላ የሽንት ቤት ጉድጓድ አለ። የሰፈሩ መንገድ ጠባብ ነውና የፍሳሽ ማንሻው ቦቴ እስከ በሩ አይደርስም፤ ቢደርስም ያስከፍላል። ስለዚህ ቀፊራ ገበያ ዳር ሥራ ከሚጠብቁት አንዱ ይጠራል፣ ባልዲና ገመድ ይሰጠዋል፣ ይወርዳል። ገመዱ የባልዲው ነው እንጂ የእሱ አይደለም። ጥቂት ቆይተው ሲጠሩት ዝም ይላል። ጓደኛው ሊያወጣው ተከትሎ ይገባል፤ እሱም ዝም ይላል። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጉድጓድ ውስጥ ታፍነው ስለሞቱ ሰዎች ስንት ጊዜ ነግሮናል! የሚለወጠው ሰፈሩና ቁጥሩ ብቻ ነው።

ከታች የተኛው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይባላል። ከአየር ስለሚከብድ ግርጌውን ይይዛል። ሲጀምር የገማ እንቁላል ይሸታል፤ ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ 100 ያህሉን ሲይዝ ግን አፍንጫን ራሱን ያደነዝዛል። ሰውየው «ሽታው ለቀቀኝ» ሲል መርዙ በርትቶበታል። መጠኑ 1000 ገደማ ሲደርስ ጥቂት ትንፋሽ ይበቃል። ይህ ጋዝ መርዝ ብቻም አይደለም፣ ይነዳል። አብሮት የሚገኘው ሚቴንም ከአየሩ 5 እስከ 15 በመቶ ከያዘ ክብሪት ሲጫርበት ይፈነዳል። እንግዲህ «አየር አለው ወይ» ብሎ ሻማ አብርቶ የሚያወርደውን ሰው አስቡት። የድሬ ሙቀት ደግሞ ለብስባሹ ማፍጠኛ ነው።

የመጀመሪያውን ሞት ባለማወቅ ነው ይበሉን፤ ሁለተኛውንስ? የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ጽሑፍ እንዲህ ባለ የታፈነ ቦታ ከሚሞቱት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሌላውን ሊያድኑ የገቡ ናቸው ብሏል። ይህ ከታወቀ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬም «ድንገተኛ አደጋ» ብሎ መዝግቦ ፋይል መዝጋት ነውር ነው።

ስለዚህ እናወግዛለን። የቦቴውን ዋጋ ከሰው ነፍስ ጋር መዝኖ ሰውየውን ያረከሰ የተወገዘ ይሁን። የሚገድል ጋዝ እንዳለ እያወቀ «ወጣት ነው፣ ይችለዋል» ያለ የተወገዘ ይሁን። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመከላከያ ዕቃ ማቅረብን የአሠሪ ግዴታ አድርጎት ሳለ፣ በባዶ እግሩ ያወረደ ሆቴል ወይም ሥራ ተቋራጭ የተወገዘ ይሁን። ጋዝ መለኪያ፣ የአየር ሲሊንደርና ጭንብል ለአደጋ ሠራተኞቹ ሳይገዛ የስብሰባ አዳራሽ የሚያስውብ ሹም ቢኖር እሱም ከዚህ ውግዘት አያመልጥም።

ውግዘት ብቻውን ማንንም እንደማያወጣ እናውቃለን። ሕግ ግን አለን፤ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል፤ ሟቾቹ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆኑም ያከብደዋል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፍሳሽ ጉድጓድ ለሞተ ሠራተኛ ቤተሰብ 1 ሚሊዮን ሩፒ እንዲከፈል እ.ኤ.አ. በ2014 አዝዞ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 3 ሚሊዮን ከፍ አደረገው። እኛ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው ለለቅሶ የሚዋጣው ብር ነው።

የመጋላ ጎረቤት ሆይ፣ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ከወደቀ አትከተለው። ክብሪት አትጫር፣ ሲጋራህን አጥፋ፣ ሰዉን አርቅ፣ ለእሳት አደጋ ደውል፤ ሲደርሱም ጋዝ እንዳለ አስቀድመህ ንገራቸው።