ደራሲው ዝም ይበል

ጀማሪ ጸሐፊ አጭር ልቦለዱን ለጓደኞቹ አስነብቦ አስተያየት ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ይደርሰዋል። ወይ «አሪፍ ነው፣ በርታ!» ይባላል፤ ወይ ሀሌታው ሀ የት ገባ፣ ሐመሩ ሐ የት ቀረ እየተባለ የፊደል ለቀማ ይጀመራል። ታሪኩ የሳይንስ ልቦለድ ወይም ሌላ ምናባዊ ሥራ ሲሆን ሁለቱም እምብዛም አይረቡም። እዚያ ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ደራሲው የፈጠረው ዓለም ወረቀቱ ላይ አለ ወይስ ጭንቅላቱ ውስጥ ቀርቷል?

ቅዳሜ ቅዳሜ የምንገናኝ ጥቂት ጸሐፊዎች አለን። እንጀራችን ሌላ ነው። አንዱ ጓደኛችን ሰዎች ትዝታቸውን መርካቶ ወስደው ስለሚሸጡባት አዲስ አበባ ጻፈ። ሴትዮዋ የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ ለመሸፈን የሠርጓን ቀን ትሸጣለች፤ ቆይቶ ይቆጫትና ገዢውን ፍለጋ ትወጣለች። ቋንቋው ያምራል። ምስጋናው ሲዥጎደጎድ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ የሆነች ጓደኛችን፣ «ቀኑ ከውስጧ ከወጣ፣ ምን እንደሸጠች በምን አወቀች?» አለች።

ደራሲው አፍታም አልቆየ። «ደረሰኝ አላት እኮ! ከመሸጧ በፊት በገዛ እጇ የጻፈችው…» እያለ ማስረዳት ቀጠለ። ደረሰኝ የሚባል ነገር ታሪኩ ውስጥ አልነበረም። የሚያናድደው ደግሞ ከተጻፈው ሁሉ የሚበልጠው እሱ መሆኑ ነው፤ ፈጽሞ የማታስታውሰውን ሠርግ በራሷ የእጅ ጽሑፍ የምታነብ ሴት!

አሜሪካ፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ ባለችው ሚልፎርድ፣ ዴመን ናይት፣ ጁዲት ሜሪልና ጄምስ ብሊሽ እ.ኤ.አ. በ1956 የጀመሩት የሳይንስ ልቦለድ ጸሐፊዎች ጉባኤ ለዚህ መላ አበጅቷል። ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ በተራው ስላነበበው ይናገራል። ደራሲው ግን ሁሉም እስኪጨርሱ ትንፍሽ አይልም፤ የመናገር ተራው መጨረሻ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የተጀመረው የክላሪዮን አውደ ጥናትም ይህንኑ ሥርዓት ወርሷል፤ ኦክታቪያ በትለር በ1970 የተካፈለችው እዚያ ነው።

ሥርዓቱ ጭካኔ አለበት የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ታሪኩ ታትሞ ሲወጣ አንባቢው ግራ ቢጋባ፣ ደራሲው ከጎኑ ተቀምጦ «ደረሰኝ አላት እኮ» አይለውም።

በተራ መታረም ለእኛም ባዕድ አይደለም። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ያቀናለታል። የቅኔው መምህር ግን የሚያርመው የታወቀ ሕግ ይዞ ነው። የትዝታ ገበያን ሕግ የሚያወጣው ደራሲው ራሱ ነው። ስለዚህ አስተያየት ሰጪው የኔታ ልሁን ባይል ይሻላል። «እኔ ብሆን ባሏን መጀመሪያ ላይ እገድለው ነበር» ማለት አስተያየት አይደለም፤ ሌላ ልቦለድ ነው። (ባልየው ምን አደረገ?)

እናም ጓደኛችሁ ታሪኩን ሲሰጣችሁ ምን እንደገባችሁ፣ የት ላይ እንደተደናገራችሁ፣ የትኛው ገጽ ላይ ስልካችሁን እንዳነሳችሁ ሳትሸፋፍኑ ንገሩት። እንዴት እንደሚጠግነው ለእሱ ተዉለት። ተራው የእናንተ ሲሆን ደግሞ ብዕርና ወረቀት ይዛችሁ ቅረቡ፤ እስኪጨርሱም አታስረዱ።