ውሻ የያዘ ተሳፋሪ ሲጠራን፦ ለሹፌር ወንድሞቻችን



በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ኡበር፣ ሊፍት ወይም ታክሲ እየነዳችሁ ቤተሰብ የምታስተዳድሩ፣ አገር ቤት ላሉ ወላጆቻችሁም የምትልኩ ብዙ ናችሁ። ከሰላት በኋላ ወደ ኢማማችንና ወደ እኛ ይዛችሁ ከምትመጧቸው ጥያቄዎች አንዱ በየጊዜው ይመለሳል፦ «ውሻ የያዘ ሰው ቢጠራኝ ላሳፍር ወይስ ልሰርዝ? ባሳፍርስ ልብሴም መኪናዬም ነጃሳ ሆኖ ሰላቴ አይበላሽም ወይ?» የሚለው ነው። አንዳንዱ ወንድም ደግሞ ሳይጠይቅ፣ ውሻውን ከሩቅ ሲያይ ነዳጁን ረግጦ ያልፋል።

የኛ አቋም ግልጽ ነው። ተሳፋሪው ዐይነ ስውር ሆኖ ውሻው የሚመራው ከሆነ አሳፍሩት። ይህን የምንለው ሕጉን ፈርተን ብቻ አይደለም። መድረሳ ቁጭ ብለን የቀራነው ፊቅህ ይህን ሰው መንገድ ዳር ጥለነው እንድንሄድ አያስገድደንም።

እስቲ ነገሩን ከሰውየው በኩል እንየው። ስልኩ «መኪናው ደርሷል» ይለዋል። የመኪና ድምፅ ሲቀርብ ይሰማል፤ ወዲያው ያው ድምፅ ሲርቅ ይሰማል። ቀጥሎ «ጉዞው ተሰርዟል» ይባላል። የሐኪም ቀጠሮ ያለው፣ ሥራ የሚገባ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ ሰው ነው። እንደኛ ግራ ቀኙን አይቶ ሌላ ታክሲ አያስቆምም። እ.ኤ.አ. በ2021 በካሊፎርኒያ አንዲት ዐይነ ስውር ሴት 14 ጊዜ በኡበር ሹፌሮች ተንገላትታ ክስ አቅርባ፣ የግልግል ዳኛው ኩባንያው 1.1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወስኗል። ኩባንያው «ሹፌሮቹ ተቀጣሪዎቼ አይደሉም» ብሎ ቢከራከርም ተቀባይነት አላገኘም። በኩባንያው ደንብ መሠረትም አውቆ እምቢ ያለ ሹፌር ከመተግበሪያው ሊወጣ ይችላል።

በዚህ ጉዳይ የሙስሊም ሹፌር ስም ተነስቶም ያውቃል። በሚኒያፖሊስ አውሮፕላን ማረፊያ ከሚሠሩት የታክሲ ሹፌሮች ብዙዎቹ ሶማሊያውያን ወንድሞቻችን ነበሩ። አንዳንዶቹ መጠጥ የያዘ መንገደኛ አንጭንም አሉ፤ በውሻ ምክንያትም ቅሬታ ቀረበ። በ2007 የማረፊያው አስተዳደር መንገደኛ እምቢ ያለ ሹፌር መጀመሪያ ለ30 ቀን፣ ሁለተኛ ጊዜ ለሁለት ዓመት ፈቃዱን እንዲያጣ ወሰነ። የመጠጡ ጉዳይ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው፤ ዛሬ አንገባበትም። ግን የኸምር ጠርሙስና የዐይነ ስውር ምርኩዝ በአንድ ሚዛን መቀመጣቸው ያን ጊዜም ልክ አልነበረም።

ሕጉን ባጭሩ እንንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ለሥራ የሠለጠነ ውሻ ባለቤቱ በሚገባበት ታክሲ ሁሉ አብሮት እንዲገባ ያዛል። ተጨማሪ ክፍያ መጠየቅ አይቻልም። ወረቀት አሳየኝ ማለትም አይቻልም። ሥራው ግልጽ ካልሆነ መጠየቅ የሚቻለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ውሻው ለአካል ጉዳት የሚያስፈልግ ነው ወይ? ምን ሥራ እንዲሠራስ ሠልጥኗል? «ውሻ እፈራለሁ» ወይም «አለርጂ አለብኝ» ማለት እንደ ምክንያት አይቆጠርም። ውሻው ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ባለቤቱም ካላረጋጋው ግን ውሻውን አለመጫን ይቻላል።

አሁን ወደ ጦሃራው እንምጣ፤ የብዙዎቻችሁ ጭንቀት እዚህ ነውና። አብዛኞቻችን የቀራነው በሻፊዒይ መዝሀብ ነው፤ ከወሎ የመጡ ወንድሞች ሐነፊይ ሊሆኑ ይችላሉ። በሻፊዒዮች ዘንድ ውሻ ሁለመናው ነጃሳ ነው፤ ይህን አንደብቅም። ግን እዚያው መዝሀብ ውስጥ ደረቅ ነጃሳ ደረቅ ነገርን ቢነካ ነጃሳነቱ አይተላለፍም። የደረቀ ውሻ ደረቅ ምንጣፍ ላይ ቢተኛ ምንጣፉ አይታጠብም፤ ፀጉሩን ማራገፍ ይበቃል። በሐነፊዮች ዘንድ በሚታመነው አቋም ነጃሳው ምራቁ እንጂ አካሉ አይደለም። ማሊኪዮች ደግሞ ውሻ ራሱ ጦሂር ነው ይላሉ።

ምራቁ ወይም እርጥብ ፀጉሩ ልብስህን በእርግጥ ከነካስ? በሻፊዒዮች የነካውን ቦታ ብቻ ሰባት ጊዜ ታጥባለህ፤ ከሰባቱ አንዱ አፈር የተቀላቀለበት ውሃ ይሆናል። ዉዱእህ ግን አይፈርስም። ይህን ደጋግመን የምንናገረው ውሻ ስለነካው ብቻ ዉዱእ የሚያድስ ወንድም ስላየን ነው። «ሳይነካኝ አይቀርም» የሚል ጥርጣሬ ደግሞ በእርግጠኝነት የሚታወቀውን ንጽሕና አያስወግድም። ትራንክ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ጀለቢያና መስገጃ የሚይዝ ሹፌር ግማሹን ጭንቀት ገላግሏል።

ውሻ ካለበት ቤት መላእክት አይገቡም የሚለውን ሐዲስ የምታነሱም አላችሁ። ሐዲሱ ሶሒሕ ነው። ኢማም ኸጧቢ ለአደንና ለመንጋ የተፈቀደው ውሻ በዚህ ውስጥ አይገባም ብለዋል፤ ኢማም ነወዊ ደግሞ ለሁሉም ነው ወደሚለው አዘንብለዋል። እኛ የምንለው፣ የሃያ ደቂቃ መንገድ ሰው አሳፍሮ ማውረድ ቤት ውስጥ ውሻ ከማኖር ጋር አንድ አይደለም። በአላህ መጽሐፍ የሠለጠነ ውሻ ያደነው ተፈቅዷል፤ የዋሻው ባልደረቦች ውሻም ተወስቷል። የተጠማ ውሻን በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው ምሕረት ማግኘቱን ስንት ኹጥባ ላይ ሰምተነዋል! ያ ሰው ጉድጓድ ድረስ ወርዶ ነበር፤ ከኛ የሚጠበቀው በር መክፈት ነው።

በር ከተከፈተ በኋላ ታዲያ እንዴት ይጫናል? መጀመሪያ ድምፅህን አሰማ። ስምህንና የማንን ጉዞ እንደምትወስድ ተናገር፤ ሰውየው መኪናውን አያየውም። እጁን ጎትተህ አታስገባው፤ የውሻውን ማሰሪያ ደግሞ በፍጹም አትያዝ፣ መሪውን እንደመንጠቅ ነው። ጋቢና ወይስ ከኋላ እንደሚሻለው ጠይቀው። መሪ ውሻ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ወንበር ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ፣ ከባለቤቱ እግር ሥር ነው። ስለዚህ ወንበሩን ወደኋላ ግፋለት፤ ውሻው ላብራዶር የሚያህል ከሆነ ያቺ ቦታ ጠባብ ናት። ጠርዙ ከፍ ያለ የጎማ ምንጣፍ ወለሉ ላይ ካነጠፍክ ውሃውም ፀጉሩም እዚያው ይቀራል፤ አውጥተህ ታጥበዋለህ። ወደ ትራንክ ይግባ ማለት አይሆንም፤ ሰውየውን ከዐይኑ መለየት ነው።

በሩን ከመዝጋትህ በፊት ጭራውንና እግሩን እይ። ይህን ትንሽ ነገር አትናቁት፤ በር የቆረጠው ጭራ ለውሻውም ለባለቤቱም ብዙ ሳምንት ነው። ወለል ላይ ያለ ውሻ ቀበቶ ስለሌለው ድንገተኛ ፍሬን ሲያዝ ተንሸራቶ ይጋጫል፤ ከፊትህ ካለው መኪና ርቀት ጠብቅ፣ መታጠፊያ ላይ ቀስ በል። በክረምት ወደ እግር የሚነፍሰውን ሙቀት ወደ ላይ አዙረው፣ አለዚያ ትኩሱ አየር ፊቱ ላይ ነው የሚያርፈው። በበጋ ኤሲ አብራ፤ ውሻ እንደ ሰው ላብ አያወጣም፣ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በዋናነት በማለክለክ ነው። አትጥራው፣ አትዳብሰው፣ ምግብ አትስጠው፤ ሥራ ላይ ነው። መዳበስ የማትፈልጉት ወንድሞች እዚህ ላይ ሕጉም ከናንተ ጋር ነው ማለት ነው! ስትደርስ ሰውየውን በእግረኛ መንገድ በኩል አውርደው፣ በሩ በየት አቅጣጫ እንዳለም ንገረው።

ለመዝናኛ የተያዘ ውሻ ጉዳይ ሌላ ነው። እሱን ሕጉ አያስገድድህም፤ ኩባንያዎቹም ለቤት እንስሳ የተለየ ጉዞ አላቸውና አልቀበልም ማለት ትችላለህ። ከተቀበልክ ግን በሳጥን ወይም ከቀበቶው ጋር በሚያያዝ ማሰሪያ ከኋላ ወንበር ይሁን። ጋቢና ላይ ኤርባጉ ሲፈነዳ ይጎዳዋል፤ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ መሄዱም ለዐይኑም ለሕይወቱም አደጋ ነው። ባለቤቱ «ሱቅ ገብቼ ልምጣ፣ እዚሁ ይቆይ» ካለህ ሞተር አጥፍተህ አትሂድ፤ በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ብቻ ወደ 11 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጨምራል፣ መስኮት መክፈትም ብዙ አያስታግሰውም።

ዐይነ ስውር ሙስሊም መሪ ውሻውን ይዞ መስጊድ ቢመጣስ የሚል ጥያቄም ደርሶናል። በእንግሊዝ ሌስተር ከተማ በ2008 አንድ መስጊድ ይህ አጋጥሞት፣ ውሻው ወደ መስገጃው ሳይገባ መግቢያው አካባቢ በተዘጋጀለት ቦታ እንዲቆይ አድርጓል። ወጣቱ ሰግዶ ወጥቶ ውሻውን ይዞ ሄደ። እኛም ጋር እንዲህ ያለ ሰው ቢመጣ ቦታው ከአሁኑ ቢታሰብ ጥሩ ነው።

እውነተኛ ከባድ አለርጂ ያለበት ወንድም ካለ፣ ተሳፋሪ ፊት ደርሶ ከመሰረዝ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፤ በጭንብልና በተከፈተ መስኮት የሚቻል ካልሆነ ምግብ ወይም ዕቃ ወደ ማድረስ ሥራ መቀየር ይሻለዋል። ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው። ወላሁ አዕለም።